ባቡሩ ለምን ተስፈንጥሮ ይነሳል? ስለ ሞዴል ሐዲድ ቮልቴጅ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በ1:87 መጠን የተሠራ ሞዴል ባቡር አለን። ፍጥነቱን ለመቆጣጠር በ12 ቮልት አዳፕተሩና በሐዲዱ መካከል 50 ኦም የሚስተካከል የሽቦ ሬዚስተር በተከታታይ ገጠምን። ቀስ ብለን ስንከፍት ባቡሩ ንቅንቅ አይልም፤ ትንሽ ስንጨምር ደግሞ ተስፈንጥሮ ይሄዳል። ሬዚስተሩም ይግላል። ምን እናድርግ? (ሦስት ጓደኛሞች፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ባቡራችሁ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሬዚስተሩ ነው። በተከታታይ የገባ ሬዚስተር ሐዲዱ ላይ የሚደርሰውን ቮልቴጅ አይወስንም። ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው ሞተሩ በዚያች ቅጽበት የሚስበው ከረንት ነው። ሞተር ደግሞ ከቆመበት ሲነሳ ብዙ ይስባል፣ መዞር ከጀመረ በኋላ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ለምሳሌ ሬዚስተሩ 30 ኦም ላይ ቢሆንና ሞተሩ ሲነሳ 0.3 አምፔር ቢስብ፣ 9 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ይቀራል፤ ለሐዲዱ የሚተርፈው 3 ቮልት ነው። ባቡሩ ተነስቶ ከረንቱ ወደ 0.12 አምፔር ሲወርድ ሬዚስተሩ የሚይዘው 3.6 ቮልት ብቻ ይሆንና ሐዲዱ ላይ 8.4 ቮልት ይመጣል። እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ቮልቴጁ በእጥፍ ከማደግም አልፏል። መስፈንጠሩ ይኼው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ከረንቱ ቢጨምርም ቢቀንስም ያዘዛችሁትን ቮልቴጅ የሚጠብቅ ነገር ነው። ርካሹና አስተማማኙ መንገድ ኤልኤም 317 የተባለው ባለ ሦስት እግር ቮልቴጅ ተቆጣጣሪ ነው፤ እስከ 1.5 አምፔር ይችላል፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ባቡር ይበቃል። ጽሑፉ ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ የግራው ማስተካከያ፣ የመሐሉ መውጫ፣ የቀኙ መግቢያ ነው። በመውጫውና በማስተካከያው መካከል 240 ኦም ሬዚስተር፣ በማስተካከያውና በኔጋቲቩ መካከል 2 ኪሎ ኦም ቮልዩም (በእጅ እየዞረ የሚስተካከል ባለ ሦስት እግር ሬዚስተር) ትበይዳላችሁ። የሚወጣው ቮልቴጅ ከ1.25 እስከ 11.8 ገደማ ይሆናል፣ ለ12 ቮልት ባቡር ልክ ነው። 2 ኪሎ ኦም ካጣችሁ 5 ኪሎ ኦም ቮልዩም ገዝታችሁ 3.3 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በጎን ግጠሙለት፤ ውጤቱ ወደ 2 ኪሎ ኦም ይጠጋል። ልዩነቱ፣ ቮልዩሙን ስታዞሩ በዝቅተኛው ፍጥነት በኩል ቮልቴጁ ትንሽ ቸኩሎ ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ። የቮልዩሙን የመሐል እግር ከማትጠቀሙበት የጎን እግር ጋር በሽቦ አያይዙት። ቮልዩም ሲያረጅ ወይም አቧራ ሲገባበት የውስጡ ምላስ ለቅጽበት ይለቅቃል። ካልተያያዘ ማስተካከያው ባዶ ይቀርና የአዳፕተሩ ቮልቴጅ ተቀንሶ ሳይበቃ ሐዲዱ ላይ ይወጣል። ከተያያዘ ግን የከፋ ቢመጣ 11.8 ነው። መግቢያው አጠገብ 0.1 ማይክሮ ፋራድ፣ መውጫው አጠገብ 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ።

12 ቮልት አዳፕተራችሁ ለዚህ ያንሳል። ተቆጣጣሪው ለራሱ 2 ቮልት ገደማ ስለሚያስቀር ከ10 በላይ አይወጣም። 15 ቮልት ዲሲ ብታገኙ ይመረጣል። የአሮጌ ላፕቶፕ 19 ቮልት አዳፕተርም ይሠራል፣ ግን ሙቀቱን አስቡ፦ 19 ገብቶ 4 ሲወጣ በ0.5 አምፔር 7.5 ዋት ሙቀት ይሆናል። ከ1 ዋት በላይ ከሆነ ያለ አሉሚኒየም ማቀዝቀዣ አታሠሩት። ደብረ ብርሃን ብርዷ ያግዛችኋል፣ ነገር ግን በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ማቀዝቀዣውን ሰፋ አድርጉት፣ ክንፎቹም ቁመው ይሁኑ። የተቆጣጣሪው ጀርባ ብረት ከመውጫው ጋር የተገናኘ ነውና ከማቀዝቀዣው በሚካ ወይም በሲሊኮን ጨርቅ ለዩት። ባቡሩ ለጥቂት ጊዜ ሄዶ ራሱ ቆሞ፣ ቆይቶ ደግሞ ራሱ ከተነሳ ተቆጣጣሪው ግሎ ራሱን እያጠፋ ነው ማለት ነው።

ወደ ኋላ ለማስኬድ ስድስት እግር ያለው፣ መሐሉ ላይ የሚያጠፋ ማብሪያ ግዙ። የመሐል ሁለቱ እግሮች ወደ ሐዲዱ ይሄዳሉ፤ ከተቆጣጣሪው የመጣው ፖሲቲቭና ኔጋቲቭ በአንዱ ጫፍ ሁለት እግሮች ይገባል፣ ከእነዚያም ወደ ሌላው ጫፍ በመስቀለኛ ይሻገራል። ከሐዲዱ በፊት ደግሞ በአንዱ መስመር ላይ የመኪና ፍሬን መብራት አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋቱን፣ በተከታታይ አስገቡ። ባቡሩ በደህና ሲሄድ ክሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብዙ አይቀንስም። ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ሾርት ሲያደርግ አምፖሉ በርቶ ከረንቱን 1.75 አምፔር አካባቢ ይገታዋል፣ ለእናንተም ምልክት ይሰጣችኋል። ፊውዝ መቀየር አይኖርም።

ጥያቄ፦ 6 ሜትር የሚርቀው የሐዲዴ ጫፍ ላይ ባቡሩ ይደክማል። በቴስተር ስለካው ግን 12 ቮልት ሙሉ ነው። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ የለኩት ባቡሩ ቆሞ ሳለ ይመስለናል። ከረንት ካልሄደ የቮልቴጅ መውረድ አይኖርም፤ ስለዚህ ቴስተሩ ሙሉውን ያሳያል። ባቡሩ በዚያ ጫፍ ላይ እየሄደ ሳለ ይለኩ።

0.2 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከሆነ፣ ደርሶ መልስ 12 ሜትሩ 1 ኦም ገደማ አለው፤ በ0.5 አምፔር ግማሽ ቮልት ይበላል። በ1.5 ካሬ የቤት ሽቦ ቢቀይሩት ኪሳራው 0.07 ቮልት ይሆናል። ትልቁ ሌባ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሐዲድ መጋጠሚያው ነው። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በአንድ መጋጠሚያ ግራና ቀኝ፣ በአንዱ ሐዲድ ላይ ብቻ ያድርጉና ባቡሩን ከመጋጠሚያው አሳልፈው ያስኪዱት። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ መጋጠሚያው ላልቷል ወይም ዝጓል። መፍትሔው 1.5 ካሬውን ከጠረጴዛው ሥር ዘርግቶ፣ በየ1 ሜትሩ ከሁለቱም ሐዲዶች ጋር በአጭር ሽቦ መበየድ ነው። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ግን አይበይዷቸው። በእናንተ አገር ሙቀት 5 ሜትር ሐዲድ በ20 ዲግሪ ልዩነት 1.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክፍተት ካጣ ይጎብጣል። ሐዲዱን በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ያጽዱ። የብርጭቆ ወረቀት የሚተወው ጭረት ቆሻሻ ይይዛል።

ጥያቄ፦ የጣርማ በርን ዳገት የሚመስል ሠርቻለሁ። ባቡሩ ሲወጣ ይጎተታል፣ ሲወርድ ይበራል። (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ በመጀመሪያ ዳገቱን ይለኩ። በ1 ሜትር ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚወጣ ከሆነ ቮልቴጅ ብቻውን አያድነውም፤ 8 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 2.7 ሜትር ገደማ ርዝመት ይፈልጋል። ልኩ ደህና ከሆነ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ይረዳዎታል። የዳገቱን አንዱን ሐዲድ በሁለቱም ጫፍ ቆርጠው ይለዩት፣ ለዚያ ክፍልም ኤሌክትሪኩን በ1ኤን5408 ዳዮዶች በኩል ይስጡት። ባለ ሁለት ሐዲድ ዲሲ ባቡር አቅጣጫውን የሚይዘው ከፖሲቲቭና ኔጋቲቩ ስለሆነ፣ ለመውረጃው አቅጣጫ 3 ዳዮድ በተከታታይ፣ ለመውጫው በተቃራኒ 1 ዳዮድ ብቻ ያድርጉ። እያንዳንዱ 0.7 ቮልት ያህል ስለሚቀንስ ባቡሩ ሲወርድ 2 ቮልት ገደማ ያጣል፣ ሲወጣ የሚጎድለው ትንሽ ነው። ዳዮድ ከሬዚስተር የሚሻለው ከረንቱ ቢለዋወጥም ቅነሳው ብዙ ስለማይለዋወጥ ነው።

ጥያቄ፦ የመብራት ዲመር ከትራንስፎርመሩ በፊት፣ በ220 ቮልቱ በኩል ባደርግስ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አያድርጉት። ተራው ዲመር ለአምፖል የተሠራ ነው፤ የሞገዱን ሁለት ግማሾች እኩል ሳይቆርጥ ሲቀር ትራንስፎርመሩ ውስጥ ዲሲ ይገባና ኮሩ (የመሐል ብረቱ) በማግኔት ይሞላል፣ መጠምጠሚያው ግሎ ይቃጠላል። የአዳፕተር ዓይነት ከሆነም ቮልቴጁን በዚህ መንገድ አይቀንሰውም፤ ወይ እንደነበረው ይቀጥላል ወይ ይበላሻል። መቆጣጠሪያው ሁሉ ከ20 ቮልት በታች ባለው ወገን ይሁን፣ የ220 ቮልቱም ሽቦ ከሐዲዱ ጠረጴዛ ሥር አይለፍ።