ገጠር ያለች እናት ግፊት ሊይዛት ይችላል ወይ ላልሽው

እህቴ "እናቴ ቀርሳ ገጠር ነው ያለችው፣ ቀጭን ናት፣ ስትሰራ ነው የምትውለው፣ ግፊትና ስኳር የከተማ ሰው በሽታ አይደል ወይ፣ ግን ራሷን ሁሌ ያማታል" ላልሽው፣ አቦ የከተማ ብቻ አይደለም፣ አስለኪያት።

እኔ ነርስ ነኝ፣ ድሬ ገጠሩ ላይም ሐረር ዙሪያም ሰርቻለሁ። ከተማው ላይ ቁጥሩ ከፍ እንደሚል እውነት ነው። በ2007 ዓ.ም አገር አቀፍ ጥናት ሲሰራ ከ15 እስከ 69 አመት ካለው ሰው ወደ 16 ከመቶው ግፊቱ፣ ወደ 6 ከመቶው ስኳሩ ከፍ ብሎ ነው የተገኘው፣ ገጠሩም አለበት እዚህ ውስጥ። ልዩነቱ የከተማው ሰው ፋርማሲ ጎራ ብሎ ይለካል፣ የገጠሩ ግን ጤና ጣቢያ የሚመጣው ለወሊድ፣ ለክትባት፣ ለወባ ነው፣ ለራስ ምታት ማን ይመጣል፣ ብርድ ነው ይባላል ያልፋል። ከዛ አንድ ቀን አፉ ጠመም ብሎ እጁ አልታዘዝ ሲል ጂን ነው ተብሎ ቁርአን ሲቀራለት ይቆይና በባጃጅ ጭነውት ይመጣሉ፣ ግፊቱን ስንለካው የላይኛው ቁጥር 200 አልፏል፣ ቤተሰቡ ግን "ትናንት ደህና ነበር እኮ" ነው የሚለው።

ምክንያቱን ካልሽ፣ የጫት ገበያው አወዳይ አጠገብ ቁጭ ብለን ጫትን ዘለን መሄድ አንችልም። ጫቱ ራሱ ልብ ያስመታል ግፊትም ከፍ ያደርጋል፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አብሮት የሚሄደው ነው፣ ስኳር የተሞላበት ሻይ፣ ለስላሳ፣ ሲጋራ፣ እራት ዘሎ ማደር፣ እንቅልፍ ማጣት (ሴቶቹም ይቅማሉ፣ ሲጠየቁ ይደብቃሉ እንጂ)። ጨውም አለ፣ ሆጃው (የቡና ገለባ ወይ ቅጠል በወተት የሚፈላው) ላይ ሳይቀር ጨው የሚጨምር ብዙ ነው፣ የሚመከረው ግን ለሙሉ ቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በይው። የምድጃው ጭስ ደግሞ የእናቶቻችንን ሳንባ ነው የሚጨርሰው፣ ሲጋራ ሳይነኩ ዓመት ሙሉ የሚያስላቸው አሉ።

ቀጭን ናት ያልሽው አያታልልሽ። ገጠር ላይ ስኳር የምናገኝበት ሰው ብዙ ጊዜ ከሲታ ነው፣ ውሃ ይጠማዋል ሽንት ያመላልሰዋል እየከሳ ይሄዳል፣ ሰዉ ቲቢ ነው ይለዋል፣ አክታው ነፃ ሲሆን ደግሞ ወደ ቤት ይመለሳል፣ ስኳሩን ያየለት የለም።

ስለዚህ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ይዘሻት ሂጂ፣ ስኳሩም አብሮ ይታያል፣ 126ና ከዛ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገማል። ግፊቷን ከመለካቷ በፊት ቡናም ሆጃም ጫትም አይሆንም፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ ትበል። በተለያየ ቀን 140 በ90ና ከዛ በላይ ካለ ግፊት ነው፣ አንዴ ከፍ ስላለ ብቻ አትደንግጡ፣ በጣም ካልናረ ማለቴ ነው። አፍ መጥመም፣ እጅ መዛል፣ ንግግር መጥፋት ካየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በቀጥታ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወይ ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ የቀረበሽ ጋ።

መዳኒት ከተጀመረላት ራስ ምታቱ ለቀቀኝ ብላ እንዳታቆም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላሸው። ኢንሱሊን ከታዘዘላትም ፍሪጅ የለኝም ብላ አትተወው፣ ሸክላ ዕቃ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጎ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል፣ እንዴት እንደሆነ ነርሷ ታሳያት። ረመዳን ከመግባቱ በፊት ደግሞ ሐኪሙ ጋ ቅረቡና የመዳኒቱን ሰዓት ወደ ሱሁርና ፊጥር ያዙርላት፣ ራሷ እንዳትቀይር።