ቅዳሜና እሑድ በሰው አገር፦ በጀርመን ቤተሰብ ዘንድ የሚኖሩ ተማሪዎች የላኳቸው ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ ዕትም የመረጥኳቸው ጥያቄዎች በጀርመን አገር በአስተናጋጅ ቤተሰብ ቤት እየኖሩ ከሚማሩ ወጣቶች የመጡ ናቸው፤ አንዱን ብቻ የላኩት አዲስ አበባ ያሉ እናት ናቸው። ሁሉም የሚያወሱት የሳምንት መጨረሻ ጉዞን ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ የትኬትና የቪዛ ጉዳይ ይመስላሉ፤ ብዙዎቹን ጠያቂዎች የሚያስጨንቃቸው ግን ይሉኝታ ነው። እኛ ሰው እንዳናስቸግር ብለን ዝም የምንለውን ነገር ጀርመኖች ቀድሞ ሊነገራቸው የሚገባ ጉዳይ አድርገው ስለሚቆጥሩት፣ ቅሬታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ላይፕዚግ ከተማ ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው። ቁርስና እራት በወር ክፍያዬ ውስጥ ይካተታል። ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ወጥቼ እሑድ ማታ እመለሳለሁ። የቤቱ እመቤት ምንም ባይናገሩኝም ሰሞኑን ፊታቸው ቀዝቅዞብኛል። ማስፈቀድ ነበረብኝ? ያልበላሁት እራት ሒሳብስ ይመለስልኛል?

መልስ፦ ዕድሜሽ 18 ዓመት ከሞላ ለመጓዝ የማንንም ፈቃድ አትጠይቂም፤ ማሳወቅ ግን ይጠበቅብሻል። ምክንያቱን ለመረዳት ቤቱ ሳምንቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ ልብ በዪ። በጀርመን ሕግ እሑድ ሱቅና ሱፐርማርኬት ዝግ ነው፤ የሚከፈቱት በትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ያሉ መደብሮችና ለጥቂት ሰዓታት የሚሠሩ ዳቦ ቤቶች ናቸው። ስለዚህ እመቤቲቱ የሁለቱን ቀን አስቤዛ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ገዝተው ይጨርሳሉ። አንቺ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጃኬትሽን ደርበሽ "ቹስ" ብለሽ ስትወጪ፣ ለአንቺ የታሰበው ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ፊታቸውን ያቀዘቀዘው ይኸው ይመስለኛል።

መፍትሔው ቀላል ነው። እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ መቼ እንደምትወጪ፣ መቼ እንደምትመለሺና እሑድ ማታ ቤት ትበዪ እንደሆነ ንገሪያቸው። በብዙ ቤቶች ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ዓምድ የተመደበበት የቀን መቁጠሪያ ይሰቀላል፤ ለአንቺም ዓምድ ካለሽ ራስሽ ጻፊበት። ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጊው፤ በሐሳቡ የአገር ቤትን ሰዓት ይዞ "በሁለት እመጣለሁ" ያለ ተማሪ ቤተሰቡን ከቀትር በኋላ ጀምሮ ሲያስጠብቅ ማምሸቱ አዲስ ነገር አይደለም።

ያልተበላ እራት ሒሳብ የሚመለሰው በውሉ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። ለአንድና ለሁለት ቀን ብለሽ ባታነሺው እመርጣለሁ፤ ለረጅም ዕረፍት የምትሄጂ ከሆነ ግን ቤቱን ያገኘልሽን ተቋም ጠይቂ። ከዚህ ይልቅ ስለ እሑድ ማታ አመላለስሽ አስቢ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በጀርመን የጸጥታ ሰዓት ነው፤ ሻንጣሽን በደረጃው ላይ እያንገጫገጭሽ አትውጪ፣ የተጓዝሽበትን ልብስም በዚያው ሌሊት ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አትክተቺ። ደግሞም አንዳንዱን እሑድ ከቤት ዋዪ። ከቀኑ 9 እና 10 ሰዓት መካከል ቤተሰቡ ለቡናና ለኬክ ሲቀመጥ የሚወራው ጀርመንኛ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ባቡር ውስጥ በአማርኛ ስትጫወቺ የማታገኚው ነው።

ጥያቄ፦ ማርቡርግ ነው የምማረው። በወር እየተከፈለ አገሩን ሁሉ የሚያዞር ትኬት አለ ይሉኛል። እውነት በርሊን ድረስ ያደርሰኛል?

መልስ፦ ያደርስሃል፤ ትዕግሥት ካለህ። ዶይችላንድቲኬት እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ፣ በ2025 ወደ 58፣ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ ወደ 63 ዩሮ ከፍ ብሏል። በመላው ጀርመን በከተማ አውቶቡስ፣ በትራም፣ በምድር ውስጥ ባቡርና በየክፍለ ሀገሩ በሚመላለሱት ባቡሮች ሁሉ ያገለግላል። ፈጣኑን አይሲኢ እና ሌሎቹን የረጅም ርቀት ባቡሮች ግን አይጨምርም፤ በስሕተት ከተሳፈርክ ያለ ትኬት እንደተገኘ ሰው ትቀጣለህ። ትኬቱ በስምህ ስለሚወጣ መታወቂያህ አይለይህ። ውሉ በየወሩ በራሱ ይታደሳል፤ ለማቋረጥ የምትፈልግ ከሆነ ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ማሳወቅ አለብህ። ከመግዛትህ በፊት ግን ዩኒቨርሲቲህን ጠይቅ፤ በስምምነቱ የገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ይህንኑ ትኬት በመደበኛው ዋጋ 60 በመቶ ያገኙታል።

በዝግተኛ ባቡር እየቀያየርክ በርሊን ለመድረስ የቀንህ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል፤ አንዱ ባቡር ከዘገየ ተከታዩ ያመልጥሃል፣ የጀርመን ባቡር ደግሞ እንደ ስሙ ሰዓት አክባሪ ከሆነ ዘመን ተቆጥሯል። በዚህ ትኬት እስከ ሁለት ሰዓት የሚወስዱ ከተሞችን እይ፤ ለሩቁ አስቀድሞ የሚገዛ ርካሽ የፈጣን ባቡር ትኬት ፈልግ። በመደበኛ ትኬት ተጉዘህ 60 ደቂቃ ዘግይተህ ከደረስክ የዋጋውን 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከዘገየህ 50 በመቶውን የመጠየቅ መብት አለህ። በምትመለስበት ቀን ባቡሩ ከዘገየ ደግሞ ለቤተሰቡ ወዲያውኑ መልእክት ላክ፤ እነሱም የአገራቸውን ባቡር ያውቁታልና ከልብ ያዝኑልሃል።

ጥያቄ፦ ፍራይቡርግ ነኝ፤ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ አለኝ። የፈረንሳይዋን ስትራስቡርግን፣ ዙሪክንና ለንደንን በኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ለንደንን አትችዪም፤ ብሪታንያ የሸንገን (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥርን ለማንሣት የተስማሙት የአውሮፓ አገሮች) አባል ስላልሆነች ለብቻው ቪዛ ማውጣት ይኖርብሻል። አየርላንድም እንደዚያው ናት። የቀሩትን ሁለቱን ማየት ትችያለሽ። ጸንቶ ያለ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድና ፓስፖርት የያዘ ሰው በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም የሸንገን አባል ናት። ሁለቱንም ሰነድ በእጅሽ ያዢ፤ "ድንበር የለም" ሲሉሽ አትዘናጊ፤ ጀርመን ራሷ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ ጀምራለች። ካርድሽ በእድሳት ላይ ከሆነ ግን ከውጭ አገር ዜጎች ቢሮ በጽሑፍ መልስ ሳታገኚ አትሻገሪ።

ወደ ስትራስቡርግ ስትሄጂ እስከ ኬል ከተማ በዶይችላንድቲኬት ትደርሻለሽ፤ ከዚያ የስትራስቡርግ ትራም የራይንን ወንዝ አቋርጦ ይወስድሻል። ትኬቱ ባዝል ውስጥ ባለው የጀርመን ጣቢያ ድረስም ይሠራል፤ ወደ ዙሪክ የሚወስደውን ቀሪ መንገድ ግን ትከፍያለሽ። ስዊዘርላንድ ከመግባትሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሠራው የስልክ ጥቅል እዚያ ላይሠራ ይችላል፤ ከጤና መድን ካርድሽ ጀርባ ያለው የአውሮፓ ካርድም የኅብረቱ ዜጋ ላልሆነ ሰው በስዊዘርላንድና በዴንማርክ ላያገለግል ይችላል።

ጥያቄ፦ የና ከተማ ነው የምኖረው። የአስተናጋጅ ቤተሰቤ አባት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። በአንዱ ቅዳሜ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያዝ ቦታ ወስደው ሊያሳዩኝ ቢፈልጉም፣ እኔም እሳቸውም የት እንደሆነ አናውቅም።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ስለገጠመህ ታድለሃል፤ ቦታውም ከደጅህ ነው። ከየና በዝግተኛው ባቡር በቫይማርና በኤርፉርት በኩል ወደ ጎታ ትሄዳላችሁ። ጎታ ከባቡር ጣቢያው ወጥታችሁ ወደ ከፍታው ስትወጡ ፍሪደንሽታይን የሚባል ሰፊ ነጭ ቤተ መንግሥት ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1652 በዚህ ቦታ አንድ የአማራ አገር ሰው፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ፣ የመስፍኑ የኤርንስት እንግዳ ሆነው ሰነበቱ። አባ ጎርጎርዮስ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን) ሲያባርሩ ከእነሱ ጋር ከአገር የወጡ፣ በኋላም በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤት የኖሩ ካህን ናቸው። የኤርፉርቱ ተወላጅ ሂዮብ ሉዶልፍ ያገኛቸው እዚያው ሮም ውስጥ በ1649 ነበር፤ ሁለቱም የሚግባቡት በግእዝ ነበር።

ሉዶልፍ ከእሳቸው የተማረውን ይዞ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ጻፈ፤ በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች የሚሉት እሱን ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 በባሕር አደጋ ሞቱ። ለአንተ ልብ በል የምልህ፣ አባ ጎርጎርዮስም በጀርመን ሰው ቤት በእንግድነት የተቀመጡ መሆናቸውን ነው፤ ስለ አገራቸው ምግብ፣ ሥርዓትና ቋንቋ የተጠየቁትን ሁሉ ሳይሰለቹ ባይመልሱ ኖሮ ሉዶልፍ መጽሐፉን ባልጻፈም ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው በባቡሩ ውስጥ ጥያቄ ሲያዥጎደጉዱብህ "አላውቅም" ብለህ አትገላገል። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጥንታዊ የጥናት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የተለየ መጽሐፍ ማየት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው። ስትመለሱ ኤርፉርት ወርዳችሁ ቤቶች የተሠሩበትን የክሬመር ድልድይ ተሻገሩ፤ የቱሪንገንን የተጠበሰ ቋሊማም፣ ጾም ካልሆነ፣ እዚያው ቅመስ።

ጥያቄ፦ ጾሙን ካነሣን አይቀር፣ የቤቱ እናት በዐቢይ ጾም ቅዳሜ ቅዳሜ ለመንገዴ ዳቦ ጠቅልለው ይሰጡኛል። ውስጡ ሁልጊዜ አይብ ወይም ሥጋ ነው። እምቢ ማለት አፍሬ ባቡር ጣቢያ እጥለዋለሁ። ኃጢአቱስ?

መልስ፦ ስለ ኃጢአቱ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ስለ ዳቦው ግን ዛሬውኑ ለእመቤቲቱ ንገሪያቸው። በጀርመን ምግብ መጣል ትልቅ ነውር ነው፤ እውነቱን ከአንቺ አፍ ቢሰሙ አይቀየሙም፣ ዳቦውን ከቆሻሻ መጣያ ቢያገኙት ግን ያዝናሉ። ጾሙ 55 ቀን እንደሚፈጅ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይበላበት፣ በምን ቀን እንደሚያበቃ በወረቀት ጽፈሽ ስጪያቸው። "ቪጋን" ብትያቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ቅቤውን በተለይ ጥቀሺላቸው፤ ጀርመን ዳቦ ሲያዘጋጅ በውስጡ ምንም ይግባ ምን ከሥር ቅቤ መቀባቱን እንደ ምግብ አይቆጥረውምና ሳይነገረው አይተወውም።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ በልውውጥ ትምህርት ሃኖቨር አካባቢ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ትኖራለች። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር አምስተርዳም አድሬ ልምጣ ትለኛለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ከሁሉ በፊት የላካትን ድርጅት ደንብ ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ዕድሜው ያልደረሰ ተማሪ ያለ አዋቂ ከቤት ውጭ እንዲያድር አይፈቅዱም፤ ከፈቀዱም የእርስዎን ፊርማና የአስተናጋጆቹን ስምምነት ይጠይቃሉ። ብዙ ርካሽ ማደሪያዎችም ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ብቻውን አይቀበሉም። "ሁሉም ይሄዳሉ" የሚለው ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ከአስተናጋጅ ወላጆቿ ጋር በቀጥታ ተነጋግረው ቢወስኑ ልጅቱም እርስዎን ከእነሱ ጋር ለማጋጨት ቀዳዳ አታገኝም። አንድ ነገር ደግሞ ቀድመው ይወቁ፤ በጀርመን ሕግ ከ16 ዓመት ጀምሮ ቢራና ወይን መጠጣት ስለሚፈቀድ ቤተሰቡ በማዕድ ላይ ቢያቀርብላት ነውር አይመስለውም። የማይፈልጉ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ከጉዞ ስመለስ ለቤተሰቡ ምን ይዤ ልግባ?

መልስ፦ የሄድሽበት ከተማ የታወቀበትን ትንሽ ጣፋጭ ይበቃል፤ ውድ ስጦታ ያስጨንቃቸዋል። ከአገር ቤት የመጣ ቡና ካለሽ ግን እሑድ ከሰዓት ጀበናሽን አውጥተሽ አፍዪላቸው። ዕጣን ከማጨስሽና ቡናውን ከመቁላትሽ በፊት መስኮቱን ክፈቺ፤ በጀርመን ቤቶች የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ በሕግ ግዴታ ስለሆነ ሳትጠሪው ከጣሪያው ላይ ይጮኻል።