ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ጂኦሎጂ የጀመረ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚጓጓው የአለት ስም ለማወቅ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሥራ በያዝኩበት ዓመት አንድ ነጭ፣ ስኳር የመሰለ አለት አገኘሁና በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «እብነ በረድ» ብዬ ጻፍኩ። አብሮኝ የነበረው አንጋፋ ባለሙያ ገጹን አየና ምንም ሳይናገር ሰንጢውን አቀበለኝ። ጫር ጫር ባደርገው አለቱ ንክችም አላለ፤ ይልቁንም የሰንጢው ብረት ተፍቆ ግራጫ መስመር ጥሎ ቀረ። እብነ በረድ የተሠራበት ካልሳይት የሚባለው ማዕድን ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 3 ስለሆነ ሰንጢ በቀላሉ ይጭረዋል። የእኔው አለት ግን ኳርትዛይት ነበር፤ እሱ የተሠራበት ማዕድን ኳርትዝ ደግሞ 7 ነው። ሁለቱንም የለወጣቸው ሙቀትና ግፊት ነው፤ ነገር ግን እብነ በረድ ቀድሞ የኖራ ድንጋይ፣ ኳርትዛይት ቀድሞ አሸዋ ነበር። በአንዲት ቃል ስህተት የጥንት አሸዋን የኖራ ድንጋይ አድርጌ ካርታ ላይ ላሰፍር ነበር። ያ ቀን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

አለቶችን በሦስት የምንከፍላቸው በአፈጣጠራቸው እንጂ በቀለማቸው ወይም በክብደታቸው አይደለም። ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ ሲጠጥር ኢግኒየስ፣ ደለልና የውኃ ዝቃጭ ተደራርቦ ሲጠነክር ሴዲመንተሪ፣ ነባር አለት ሳይቀልጥ በሙቀትና በግፊት ሲለወጥ ሜታሞርፊክ እንለዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሲፈጠር ቆመን አላየንም። ስለዚህ ምስክራችን በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ናቸው፤ መጠናቸው፣ ቅርጻቸው፣ አቀማመጣቸው።

ግራናይትን በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። እንደ መስታወት ያለው ኳርትዝ፣ ጠፍጣፋ ገጽ ያለው ፌልድስፓር፣ በስሱ የሚላጠው ሚካ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈዋል። በዓይን የሚታይ ክሪስታል እስኪያድግ ድረስ ቅልጡ ከመሬት በታች እጅግ ቀስ ብሎ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ያው ቅልጥ ወደ ላይ ወጥቶ ቢፈስ ቅንጣቱ የደቀቀ ራዮላይት ይሆናል፤ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ እስኪያጣ ፈጥኖ ቢቀዘቅዝ ደግሞ ኦብሲዲያን የሚባለው የተፈጥሮ መስታወት ይወጣዋል። ቅንጣቱ የጎላው ጋብሮና ቅንጣቱ የደቀቀው ባዛልትም እንደዚሁ ናቸው፤ ከአንድ ዓይነት ቅልጥ ይመጣሉ፣ የሚለያያቸው የቀዘቀዙበት ፍጥነት ነው።

ይህ ዛሬ ለእናንተ ግልጽ ይመስላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን በጀርመን ፍራይበርግ ያስተምር የነበረው የጂኦሎጂ ሊቅ አብርሃም ቨርነር ግራናይትም ባዛልትም ከጥንታዊ ውቅያኖስ ውኃ የዘቀጡ ናቸው ይል ነበር፤ ብዙ ሊቃውንትም ይከተሉት ነበር። ስኮትላንዳዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ጄምስ ሃተን ግን በ1785 በስኮትላንድ ግሌን ቲልት ሸለቆ ግራናይቱ እንደ ዛፍ ሥር ተሰራጭቶ ነባሩን አለት ሰንጥቆ ሲገባ አየ። ፈሳሽ ሳይሆን እንዴት ይገባል? ተቃዋሚዎቹ «የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ መስታወት እንጂ ክሪስታል አይሆንም» ሲሉ ወዳጁ ጄምስ ሆል ባዛልት መሰል አለት በምድጃ አቅልጦ ሞከረው። ፈጥኖ የቀዘቀዘው መስታወት ሆነ፤ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው እንደገና አለት ሆነ። ውጤቱን በ1798 አቀረበ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ ክርክሩን የፈታው ማስተዋልና ምድጃ ነውና።

ሴዲመንተሪ የየብስን ገጽ ሦስት አራተኛ ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምታገኙት እሱን ነው። ቅንጣቱ ሹል ከሆነ ከምንጩ ብዙ አልራቀም፤ ከዶለዶመና ከተመጣጠነ ወንዝ ወይም ማዕበል ደጋግሞ አንከባሎታል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ጠጠር፣ ከዚያ በታች እስከ 0.06 ገደማ አሸዋ ነው። ከዚህ የደቀቀውን ዓይን ስለማይለየው እኛ ጥቂት በጥርሳችን እንነክሳለን፤ ከቆረቆረ ሲልት፣ ከለሰለሰ ሸክላ ነው። የኖራ ድንጋይ ላይ ቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ስታደርጉ ይንተከተካል።

ሜታሞርፊክ ላይ ግን አትቸኩሉ። ከጭቃ የጠነከረው ሼል ግፊትና ሙቀት ሲበረታበት ስሌት፣ ከዚያ ፊላይት፣ ከዚያ ሺስት፣ በመጨረሻ ነይስ ይሆናል። በመካከላቸው አጥር የለም። በየደረጃው ሚካው እያደገ፣ ለገፋው ኃይል አግድም እየተኛ ይሄዳል። ስሙ ከጠፋችሁ ያያችሁትን ጻፉ፤ «ቅጠላማ፣ ሚካው በዓይን ይታያል፣ ጋርኔት የሚባለው ቀይ ማዕድን አለው» የሚል መስመር ከተሳሳተ ስም ይሻላል። ከዓመታት በኋላ ደብተራችሁን የሚከፍት ሰው ከዚያ መስመር ተነስቶ ስሙን ራሱ ያገኘዋል።

አንድ ቀን ደግሞ ሚግማታይት ታገኛላችሁ። ጥቁሩ ክፍል እንደ ነይስ የተደረደረ፣ ነጩ ክፍል ቀልጦ በመካከሉ የፈሰሰ፣ ሁለቱ እንደ ሊጥ አብረው የታጠፉ አለት ነው። የቱ ጋ መለወጡ አብቅቶ መቅለጡ እንደጀመረ በጣታችሁ እየተከተላችሁ ፈልጉ። እኔ እንዲህ ባለው አለት ፊት ግማሽ ቀን ተቀምጬ አውቃለሁ።