ምንጣፉ ከመምጣቱ በፊት ያለው ሥራ ይበልጣል

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከባለቤትሽ ጋር የሁለት መኝታ ቤቶችን ያረጀ ምንጣፍ አንስታችሁ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሸፍን አዲስ ሞኬት ልታነጥፉ ነው። «ራሳችን እንችለዋለን ወይስ ባለሙያ እንጥራ? ምንጣፉ ከመምጣቱ በፊትስ ምን እናዘጋጅ?» ብለሻል። ለራሴም ለዘመድም ደጋግሜ ስላነጠፍኩ የማውቀውን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ዝግጅቱን ሙሉ በሙሉ ራሳችሁ ሥሩት። ማንጠፉ ግን እንደ ክፍሉ ነው። ክፍሉ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነና አንድ ወጥ ምንጣፍ ከበቃው ትችላላችሁ። ሁለት ቁራጭ መገጣጠም ካለበት ወይም ምንጣፉ ውድ የሱፍ ምንጣፍ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ። ግን አንድ ነገር እወቁ። ብዙው ባለሙያ ወለል አያስተካክልም። ባገኘው ላይ አንጥፎ ይሄዳል። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ወለሉ የእናንተ ሥራ ነው።

ልኬት ላይ አትቸኩሉ። ግድግዳ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም። ርዝመቱንም ስፋቱንም ሁለት ሦስት ቦታ ለኩና ትልቁን ቁጥር ያዙ። የበሩን ጉድጓድ አትርሱ፤ ምንጣፉ በሩ ሲዘጋ ከሥሩ እስከ መሐል መድረስ አለበት። በርዝመቱም በስፋቱም ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ሜትር ስፋት አለው። ክፍላችሁ 4.10 በ3.60 ቢሆን 3.60ውን በባለ 4 ሜትሩ ጥቅል ስፋት በኩል አድርጋችሁ 4.20 ሜትር ታስቆርጣላችሁ፤ መገጣጠም የሚባል ጣጣ አይኖርም። አዙራችሁ ካሰባችሁት ግን ለ10 ሴንቲ ሜትር ብላችሁ ስፌት ውስጥ ትገባላችሁ።

ቀለም መቀባት ካሰባችሁ አሁን ነው። የግድግዳው ግርጌ ላይ የሚዞረውን ዞኮሎም ጭምር። አዲስ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ቀለም የሚቀባ ሰው አይቻለሁ፤ ላስቲክ አንጥፎም አልዳነም።

አሮጌውን ስታነሱ እንዳለ ለመጠቅለል አትታገሉ። ወገብ ይጎዳል፣ በበርም አይወጣም። በከተር ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት እያላችሁ ቁረጡትና እየጠቀለላችሁ በፕላስተር እሰሩት። አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ መስኮት ክፈቱ፤ የዓመታት አቧራ ነው የሚወጣው። ዳር ዳሩን እየዞሩ ምንጣፉን የሚይዙትን፣ ሚስማር የተተከለባቸውን ቀጫጭን እንጨቶች ካልበሰበሱና ካልተነቃነቁ ተዉአቸው። ለአዲሱም ያገለግላሉ። ከምንጣፉ ሥር በጣም ያረጀ የፕላስቲክ ንጣፍ ሰቅ ተለጥፎ ብታገኙ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። የድሮዎቹ አንዳንዶቹ አስቤስቶስ የሚባለው፣ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ የሆነው ቃጫ አለባቸው። ሳይመረመር መፋቅም መሰባበርም አይገባም።

አሁን ባዶው ወለል ፊታችሁ ነው። አብዛኛው ሰው ጠረግ አድርጎ የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው፤ እኔ ደግሞ ረጅም ሰዓት የማሳልፈው እዚሁ ነው። ምንጣፍ ጉድለት ይሸፍናል ይባላል። ለጥቂት ሳምንት እውነት ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ጉብታ ከላይ ሆና ትታያለች። የሚረገጠው እዚያው ላይ ስለሆነ ምንጣፉም ቀድሞ የሚሳሳው እዚያ ነው። ስለዚህ ተንበርክካችሁ በእጃችሁ ዳስሱ። የወጣ ሚስማር ካለ ምቱት ወይም በጉጠት ንቀሉት። የደረቀ ማስቲሽና የስሚንቶ ጠብታ ፈቅፍቁ። ጉድጓዱን ሙሉ።

ወለሉ ጣውላ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ተራመዱበት። የሚጮኸውን ጣውላ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ከሥሩ ካለው ተሸካሚ እንጨት ጋር በብሎን አጥብቁት። ሚስማር ብቻ ብትመቱ ከጊዜ በኋላ እንደገና ይላላል። ከመብሳታችሁ በፊት ከሥሩ የውሃ ቱቦ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ አለመኖሩን አረጋግጡ።

ወለሉ ስሚንቶ ከሆነ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ መሬቱ ላይ አድርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉት። አንድ ሙሉ ቀን ቆይታችሁ ግለጡት። ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ስሚንቶው ከጠቆረ ለማንጠፍ ጊዜው አይደለም። መጀመሪያ የእርጥበቱን ምንጭ ፈልጉ፤ አለበለዚያ በወራት ውስጥ ሽታና ሻጋታ ይመጣል። ላስቲኩ ደረቅ ሆኖ መውጣቱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ሙሉ ዋስትና ግን አይደለም። አዲስ የተለሰነ ወለል ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። የተለመደው ስሌት በጥሩ አየር ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ቀን ያህል ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 50 ቀን ማለት ነው። ከዚያ ከወፈረ ይብሳል።

በሩንም አስቡ። ከምንጣፉ ሥር የሚነጠፈው 9 ሚሊ ሜትር ስፖንጅና 10 ሚሊ ሜትሩ ምንጣፍ ተደምሮ ወለሉ 2 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ከፍ ይላል። በሩ ያን ያህል ክፍተት ከሌለው ከማጠፊያው አውልቃችሁ ግርጌውን አስልጉ።

ስፖንጁ ላይ አትሰስቱ። ከምንጣፉ ላይ ትንሽ ቀንሳችሁም ቢሆን ደህናውን ግዙ። ምቾቱንም ዕድሜውንም የሚሰጠው እሱ ነው። አሮጌውን መልሳችሁ አትጠቀሙ። የተረገጠበት ቦታ ተጨፍልቋል፣ አዲሱን ምንጣፍም አብሮ ያወርደዋል።

ማንጠፉ ራሱ ከዚህ በኋላ ብዙም አይከብድም። ምንጣፉ ከአንድ ቀን በፊት ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ሙቀቱን ይልመድ። የድሮው ባለ ሚስማር እንጨት ከሌለ ወይም ካነሳችሁት አዲስ በግድግዳው ዙሪያ ምቱ። የሚስማሮቹ ጫፍ ወደ ግድግዳው ያዘንብል። በእንጨቱና በዞኮሎው መሐል ከምንጣፉ ውፍረት ትንሽ ያነሰ ክፍተት ተዉ፤ የምንጣፉ ጠርዝ የሚደበቀው እዚያ ነው። ስፖንጁ እንጨቱ ላይ ሳይወጣ ጎን ለጎን ይነጠፍ። አይደራረብ፤ መገናኛውም በፕላስተር ይያዝ።

ከዚያ ምንጣፉን ዘርጉት። በየግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ እስኪተርፍ ብቻ ቁረጡ። ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ በሁለቱ ግድግዳዎች በኩል ሚስማሩ ላይ አሲዙት። ወደ ተቃራኒው ስትሄዱ በጉልበት በሚገፋው መወጠሪያ እየወጠራችሁ ነው። እሱን መግዛት አያስፈልግም፣ ተከራዩ። ጉልበታችሁን ግን አደራ፤ የሚመታው ከጉልበት ቆብ በላይ ባለው ጭን እንጂ በቆቡ አይደለም። በደንብ ያልተወጠረ ምንጣፍ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማዕበል ይሠራል። ትርፉን የምትቆርጡት መጨረሻ ላይ ነው። የከተሩን ምላጭ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ የደነዘ ምላጭ ጠርዙን ይቦጫጭቀዋል። አንሶ የተቆረጠ ደግሞ አይቀጠልም።

ሞኬታችሁ ከሥሩ የራሱ ስፖንጅ የተለጠፈበት ዓይነት ከሆነ ግን ሚስማሩም ውጥረቱም አያስፈልግም። ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ ይበቃል።

የአዲስ ምንጣፍ ሽታ አያስደንግጣችሁ። ባብዛኛው ከጀርባው ሙጫ የሚመጣ ነው። መስኮት ክፍት አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ቀን ሌላ ክፍል ተኙ፤ በተለይ ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብናኝ ፀጉር መውጣቱም የተለመደ ነው። አንዷ ክር ብቻዋን ወደ ላይ ብትወጣ እንዳትስቧት፣ በመቀስ እኩል አድርጓት። ከተረፈው ቁራጭም ትንሽ አስቀምጡ፤ የካውያ ቃጠሎ ሲያጋጥም ለመጠገኛ ይሆናል።

ወለላችሁ ስሚንቶ ይሁን ጣውላ አልጻፍሽም። እሱንና የክፍሎቹን ልኬት ብትልኪልኝ ጥቅሉን በየትኛው በኩል ብታዞሩት እንደሚሻል አብረን እናሰላዋለን።