ወተት ሳንባን አይጠብቅም፦ ስለ አደጋ መከላከያ ዕቃዎች የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ስለ ሥራ ላይ ደህንነት ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከበያጆች፣ ከቀለም ቀቢዎች፣ ከግንባታ ሠራተኞችና ከአበባ እርሻ ብዙ መልእክት ደረሰኝ። የአብዛኞቹ ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። አንድ ነገር ተሰጥቷቸዋል፤ የተሰጣቸው ዕቃ ግን ለሚሠሩት ሥራ የሚሆን አይደለም። የሚሆነው የተሰጣቸውም ቢሆኑ አጠቃቀሙን ያሳያቸው የለም። ስለዚህ መልሶቼን ስታነቡ «ይህ ዕቃ እኔን ከምን ነው የሚጠብቀኝ?» እያላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

«የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ ቫርኒሽና ቀለም በኮምፕረሰር እረጫለሁ። አሠሪያችን በየቀኑ ወተት ይገዛልናል። አፍንጫችንን የምንሸፍነው በጨርቅ ማስክ ነው። ወተቱ መርዙን ያወጣዋል ይባላል፤ እውነት ነው?»

አይደለም ወንድሜ። ይህን እምነት በየጋራዡና በየቀለም ቤቱ ስለምሰማው ረዘም አድርጌ ልመልስ። ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው። ቀለምና ቫርኒሽ የሚቀጥንበት የቲነር ትነት የሚገባው ወደ ሳንባ ነው፤ ከሳንባ ደግሞ በቀጥታ ወደ ደም ይሄዳል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የለም። ወተት ጥሩ ምግብ ነውና ይጠጡት። ነገር ግን አሠሪዎ ወተት ስለገዛ ከማስክ ግዴታው ነፃ አይሆንም።

የጨርቁ ማስክም ሆነ ሰማያዊው የሐኪም ማስክ ትነት አያስቆምም። ኤን 95 የሚባለውም ቢሆን የሚይዘው ብናኝን ነው፤ ትነትና ጋዝ ያልፉታል። ለእርስዎ የሚሆነው ፊት ላይ ግጥም የሚል፣ በሁለቱ ጎን የከሰል ማጣሪያ ያለው የጎማ ማስክ ነው። ማጣሪያው ለኦርጋኒክ ትነት የተሠራ መሆን አለበት። የአውሮፓ ሥሪት ከሆነ ቡናማ ምልክት አለው፤ የአሜሪካ ከሆነ ጥቁር። ርጭት ከትነት ጋር ጠብታም ስለሚያመጣ ከከሰሉ ፊት የብናኝ ማጣሪያ ይጨመርበታል።

ማስኩን ካጠለቁ በኋላ ማጣሪያዎቹን በመዳፍዎ ሸፍነው ቀስ ብለው አየር ይሳቡ። ማስኩ ወደ ፊትዎ ጥብቅ ካለ ደህና ነው። በጎን አየር ከገባ ማሰሪያውን ያስተካክሉ። የጥቂት ቀን ጢም እንኳ አየር ያስገባል። በሃይማኖት ምክንያት ጢም ለማይላጭ ሰው ንጹሕ አየር በሞተር የሚነፋበት ባለ ኮፍያ ዓይነት አለ፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ሥራ ሲያበቃ ማስኩን በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ያስቀምጡት። መደርደሪያ ላይ ክፍት ከተተወ ከሰሉ ሌሊቱን ሙሉ ትነት ሲጠጣ ያድራል። ማስኩን አድርገው የቀለም ሽታ ከሸተተዎት ማጣሪያው አልቋል።

አንድ ነገር ልጨምር። እንደ አንዳንድ የመኪና ቀለሞች ማጠንከሪያ እየተቀላቀለ የሚረጭ ቀለም አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ሊኖረው ይችላል። ይህ ኬሚካል ዕድሜ ልክ የማይለቅ አስም ያመጣል፤ ሽታውም አያስጠነቅቅም። ለእሱ የሚመከረው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣበት ማስክ ነው።

«በያጅ ነኝ። ቀን ደህና ውዬ ማታ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ያቃጥለኛል። የፀሐይ መነጽር አደርጋለሁ። ድንች ቆርጬ ስለጥፍበት ቀለል ይለኛል።»

ዓይንዎን ያቃጠለው የብየዳው ብርሃን ነው። ጨረሩ የዓይንን የፊት ሽፋን እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ይልጠዋል። ሕመሙ የሚነሳው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ቀን ምንም አይሰማዎትም። የፀሐይ መነጽር ብርሃኑን ቢያደበዝዘውም ለብየዳ አይበቃም፤ ፊትና አንገትም ይቃጠላል። የኤሌክትሪክ ብየዳ እንደ ከረንቱ መጠን ከ10 እስከ 13 ቁጥር የጨለመ መስታወት ያለው የፊት መከለያ ይፈልጋል። መዶሻ ይዘው ቅርፊቱን ሲያራግፉ ደግሞ ነጭ መነጽር ያድርጉ።

የሚያቀልልዎት ቅዝቃዜው ነው። በንጹሕ ውኃ የራሰ ጨርቅ ዓይንዎን ጨፍነው ቢያስቀምጡ ያው ነው፤ ድንቹ ግን ጀርም ሊያስገባ ይችላል። የሚያደነዝዝ የዓይን ጠብታ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ደጋግማችሁ አትጠቀሙ፤ ዓይኑ እንዳይድን ያደርጋል። ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሻላል። ካልተሻለ ወይም ማየት ካስቸገረ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

እባካችሁ ረዳቱንም አስቡት። ብረቱን ይዞ ፊቱን የሚያዞረው ልጅ ዓይኑ እየተቃጠለ ነው። መንገድ ዳር የምትበይዱ ደግሞ መጋረጃ ዘርጉ፤ ተማሪዎች ቆመው ያያሉ።

«አምስተኛ ፎቅ ላይ ልስን እንሠራለን። የወገብ ቀበቶ ተሰጥቶናል፤ የምናስረው የባህር ዛፉ መወጣጫ ላይ ነው። ፎርማኑ ‹ይበቃል› ይላል።»

አይበቃም፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። ሰው በወገብ ቀበቶ ተይዞ ሲወድቅ ኃይሉ በሙሉ ሆድና አከርካሪ ላይ ያርፋል። የሚያስፈልገው ትከሻን፣ ደረትንና ጭንን የሚይዝ፣ ማሰሪያው በጀርባ በኩል ያለው የሙሉ ሰውነት ቀበቶ ነው።

የሚታሰርበት ቦታም ያንኑ ያህል ወሳኝ ነው። የአሜሪካ ደንብ ለአንድ ሰው ወደ 2,270 ኪሎ ግራም የሚችል ማሰሪያ ቦታ ይጠይቃል። በሚስማርና በሽቦ የተያያዘ ባህር ዛፍ ይህን እንደሚችል ማንም ዋስትና አይሰጥም። ከሕንፃው ኮለን ወይም ቢም ጋር ይታሰር።

ስለ ርቀቱም ላስላላችሁ። ቀበቶውን ከሚታሰርበት ቦታ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ብዙ ጊዜ 1.8 ሜትር ነው። የአወዳደቁን ምት የሚቀንሰው የገመዱ ክፍል ሲተረተር ሌላ 1 ሜትር ያህል ይጨምራል። ከዚያ በታች የሰውየው ቁመት አለ፤ ትንሽ መጠባበቂያም ያስፈልጋል። በጠቅላላው ገመዱ ከታሰረበት ቦታ በታች ወደ 5.5 ሜትር ባዶ ቦታ ይፈለጋል። አንደኛ ፎቅ ላይ እግሩ ሥር ያሰረ ሰው ገመዱ ሳይይዘው መሬት ይደርሳል። ሁልጊዜ ከራስ በላይ እሰሩ። አንድ ጊዜ ሰው የያዘ ቀበቶ ዳግም አይለበስም። ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ መውረድ አለበት፤ እግሩ ላይ የሚጠራቀመው ደም ሊገድለው ይችላል። ማን በምን እንደሚያወርደው ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ።

ለኮንትራክተሮች ደግሞ፦ ጠንካራ መደገፊያ ብረት ዙሪያውን ቢሠራ ቀበቶው ላይ ጫናው ይቀንሳል። መከላከያ ዕቃ መምጣት ያለበት አደጋውን ከምንጩ ማስወገድ ሲያቅት ነው።

«የሴፍቲ ጫማና የሄልሜት ዋጋ ከደመወዛችን ተቆረጠ። ልክ ነው?»

ልክ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ ዕቃ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማሳየት የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም የደህንነት እርምጃ ለሠራተኛው ወጪ እንዳያስከትል ይደነግጋል። እንዲቆረጥባችሁ ወረቀት ፈርሙ ከተባላችሁ አትፈርሙ። መጀመሪያ ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ ካልሆነ ለአካባቢያችሁ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አመልክቱ። አዋጁ እናንተንም ያስገድዳል፤ የተሰጣችሁን በአግባቡ መጠቀም አለባችሁ።

«ድሪል ላይ ስሠራ ጓንት ላድርግ?»

የሚሽከረከር ነገር ያለበት ቋሚ ድሪልና ቶርኖ ላይ አያድርጉ። ማሽኑ ጓንቱን ከያዘ እጅዎን ይዞ ይሄዳል። እጅጌዎንም ይሰብስቡ። ስለታም ብረት ሲያነሱ ግን ማሽኑን አጥፍተው ጓንት ያድርጉ።

«ባሌ የአበባ እርሻ ላይ መድኃኒት ይረጫል። ቱታውን ቤት አምጥቶ ከልጆች ልብስ ጋር አጥባለሁ። ችግር አለው?»

አለው እህቴ። መድኃኒቱ በቱታው ላይ ቤትሽ ይገባል። ትክክለኛው መንገድ ቱታው እዚያው እርሻው ላይ ወልቆ እዚያው መታጠቡ ነው፤ ባልሽ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ይጠይቅ። እስከዚያው ለብቻው በላስቲክ ከረጢት ይምጣ። ጓንት አድርገሽ፣ በሙቅ ውኃና በብዙ ሳሙና ለብቻው እጠቢው። የታጠበበት ሳፋ ለሊጥም ለልጅ ገላም አይዋል። እጣቢውን ከጉድጓድ ውኃና ከወንዝ አርቂው። መድኃኒቱ የፈሰሰበትና የራሰ ቱታ ግን አይታጠብም፤ ይወገድ።

ለባልሽም ንገሪው። የሱሪው ጫፍ ከቦቲው ውጭ ይሁን፤ ውስጥ ከገባ ፈሳሹ ወደ እግሩ ይወርዳል። ወደ ላይ ሲረጭ የጓንቱ አፍ ከእጅጌው በላይ ይውጣና ወደ ውጭ ይታጠፍ፤ ወደ ታች ሲረጭ እጅጌው ጓንቱን ይሸፍን። ጓንቱን ሳያወልቅ በፊት ከላዩ በሳሙና ይታጠበው፤ አለበለዚያ ሲያወልቅ በባዶ እጁ መርዙን ይነካል። የተረጨ ግሪንሃውስ ውስጥ መቼ መግባት እንደሚቻል በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ሰዓት በፊት አበባ ልቀም የሚል አለቃ ካለ ጽሑፉን ያሳየው።

«የሽመና ማሽን ክፍል ነው የምሠራው። ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ እከታለሁ።»

ተራ ጥጥ ብዙም አይከላከልም። አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው እንዲሰማዎት መጮኽ ካለብዎት ድምፁ ጆሮ ለመጉዳት በቅቷል፤ የሄደ መስማት ደግሞ አይመለስም። የስፖንጅ መድፈኛ ይጠይቁ። በንጹሕ እጅ አጥብቀው ያድቦልቡሉት፤ በሌላው እጅዎ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስገቡት፤ እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል በጣትዎ ይያዙት። የራስዎ ድምፅ ወፍሮ ከተሰማዎት በትክክል ገብቷል።