ጥያቄዎቻችሁ፦ «ስለሚወደኝ ነው የሚቀናው»

በዚህ ሳምንት ከጅማ የጻፋችሁልኝ አብዛኞቻችሁ ያነሳችሁት አንድ ጉዳይ ነው፤ በአፍላ ዕድሜ ፍቅር ውስጥ ስላለ ዱላና ማስፈራራት።

ከፈረንጅ አራዳ፣ የ17 ዓመት ልጅ፦ ፍቅረኛዬ የቴሌግራም ፓስወርዴን ካልሰጠሽኝ ብሎ አኩርፏል። ልስጠው?

አትስጪው። ያኩርፍ።

ከጅሬን፣ እናት፦ የ11ኛ ክፍል ልጄ በሙቀቱ ሹራቧን አላወልቅም አለች። ክንዷ ላይ የጣት ምልክት አየሁ። «ፍቅረኛዬ ተናዶ ነው» አለችኝ። ስልኳን ነጠቅኳት። ወደ ልጁ ቤተሰብ ሽማግሌ ልላክ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ስልኳን ይመልሱላት። ልጅዎ አምናዎት ነገረችዎት። በመናገሯ ከተቀጣች ሁለተኛ አትነግርዎትም። ልጁም የሚፈልገው ከእሱ በቀር የምታወራው ሰው እንዳይኖራት ነው።

ነገሩ በዱላ አይጀምርም። ላይብረሪ ነኝ ስትለው «ፎቶ አንስተሽ ላኪ» ይላታል። አጠገብሽ ማነው ይላል። ጓደኞቿን አንድ በአንድ ትተዋለች። «ስለሚወደኝ ነው የሚቀናው» ትላለች። ከመታት በኋላ ደግሞ አልቅሶ ይቅርታ ይጠይቃል። እሷም ያ ደጉ ልጅ ይመለሳል ብላ ትጠብቃለች።

ስለዚህ «ምን አስኬደሽ?» አይበሏት። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ይበሏት። ዛሬውኑ ተለያዪ ብለውም አያስገድዷት፤ ብዙ ጊዜ አደጋው የሚብሰው ልትለየው ስትል ነው። ከትምህርት ቤት ከማን ጋር እንደምትመለስ፣ መንገድ ላይ ቢጠብቃት የት እንደምትገባ አብራችሁ ተነጋገሩ።

ሽምግልናውን ግን ይተዉት። የምትፈራውን ልጅ ፊቷ አስቀምጦ «ይቅር ተባባሉ» ማለት አፏን መዝጋት ነው። አማካሪ ስታገኙም ለብቻዋ ያናግራት።

መምህር፦ ወንድ ተማሪዬ ፍቅረኛው በጥፊ እንደምትመታው ሲናገር ክፍሉ ሳቀበት።

ሳቁን ያስቁሙ። ለሴት ተማሪ የሚሉትን ሁሉ ለእሱም ይበሉት። የትምህርት ቤት አማካሪ ካለ ያገናኙት።

ስሟን ያልጻፈች፦ ጓደኛዬን ትናንት ማታ ፍቅረኛዋ አስገድዶ ደፈራት። «ፍቅረኛዬ ነውና ማን ያምነኛል?» ትላለች።

ለዚህች ልጅ ወዲያው መልሼላታለሁ። ለሌሎቻችሁ ደግሜ እጽፈዋለሁ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃት፤ ነገ አትበይ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያም እንደዚያው ነው። የለበሰችው ልብስ አይታጠብ፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መሠረት ፍቅረኛ መሆኑ አያድነውም። ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሆነች ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ብቻዋን አትላኪያት። ካርድ ስታወጣም፣ ሐኪሙ ጋ ስትገባም አብረሻት ሁኚ።