የኋላው ለወረደ መኪና ስፔሰር ይበቃል ወይስ ሞላው ይቀየር?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የመኪናህ ኋላ ወርዷል። ባዶውን ምንም አይልም፣ ከኋላ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ግን ጉብታ ባለፍክ ቁጥር «ዷ!» ይላል። አንዱ መካኒክ «30 ሚሊሜትር ስፔሰር ከሞላው ሥር እናስገባና ተገላገል» ብሎሃል፤ ስፔሰር ማለት ሞላውን ከፍ የሚያደርግ ወፍራም ማስደገፊያ ነው። ሌላው ደግሞ «ስፔሰር ማጭበርበር ነው፣ ሞላውን ቀይር» ይልሃል። የማንን ልስማ ነው ያልከው። እኔ በሁለት መኪና ላይ ሁለቱንም አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ጅል ሥራ ሠርቻለሁ። ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

በአጭሩ፣ ስፔሰር ቁመት ይመልሳል። ጉልበት ግን አይጨምርም። መኪናው ከድሮ ቦታው ስለወረደ ብቻ የሚመታ ከሆነ ስፔሰሩ ይሠራልሃል። ከአቅሙ በላይ ስለምትጭነው ከሆነ ግን ብርህን ነው የምትጥለው።

ብዙ ሰው ሞላ ሲያረጅ «ይላላል» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ነገሩ ትንሽ ይለያል። የሞላ ጥንካሬ የሚመጣው ከሽቦው ውፍረት፣ ከቀለበቱ ስፋት፣ ከቀለበቶቹ ብዛትና ከብረቱ ዓይነት ነው። ዝገት ካልበላው በቀር እነዚህ በዕድሜ እምብዛም አይለወጡም። የሚለወጠው ቁመቱ ነው። ለዓመታት ክብደት ተሸክሞ የኖረ ብረት ቀስ እያለ እዚያው ይለምዳል፣ አውጥተህ ብትለቀው እንኳ የድሮ ቁመቱ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ያጠረችውን ያህል በስፔሰር ብትሞላለት መኪናው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለተኛው መካኒክ «ማጭበርበር» ያለው ለዚህ አይስማማም። አጥሮ ሳይሆን ተሰብሮ ከሆነ ግን ሰውዬው ልክ ነው።

ለዚህ ነው ከመግዛትህ በፊት ለካ የምልህ። ሜዳ ቦታ አቁም። የአራቱንም ጎማ ንፋስ አስተካክል። ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጣ። እዚያ ተረስቶ የሚኖር ዕቃ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ስታየው ትስቃለህ። መኪናውን ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ ገፋ አድርገው፣ ሞላው ይረጋ። ከዚያ ከጎማው መሐል፣ ማለትም ከቸርኬው እምብርት፣ ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። ከመሬት አትለካ። ጎማው ካለቀ ወይም ንፋሱ ካነሰ ልኬቱ ይዋሽሃል። ግራና ቀኙን ጻፍ። ከዚያ ጤነኛ የሆነ ተመሳሳይ ሞዴል ካገኘህ እሱንም ለክተህ አወዳድር።

ግራና ቀኙ እኩል ወርደው ከሆነ እርጅና ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ በጣም ከወረደ ግን ስፔሰር የሚባል ነገር እርሳና ሞላውን መርምር። የኔን ታሪክ እዚህ ጋ ልንገርህ።

የመጀመሪያዋ መኪናዬ እንዳንተው ስትወርድ የገዛሁት ከሞላው ሥር የሚገባውን ስፔሰር አልነበረም። በቀለበቶቹ መሐል የሚሰካውን ጎማ ነበር። ሞላ ማውጣት የለ፣ ክሪክ አድርገህ ቀለበቶቹ ከፈት ሲሉ በሳሙና ውኃ እያንሸራተትክ ትሰካዋለህ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። መኪናዋ ተነሳች። ጠንከር ብላም ተሰማችኝ፣ ደስ አለኝ። ያኔ ያልገባኝ ነገር ጎማው የያዛቸው ሁለት ቀለበቶች ሥራ ማቆማቸው ነው። የእነሱን ድርሻ የቀሩት ቀለበቶች ይሸከማሉ። ጎማው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ደግሞ ብረቱ በየጉብታው ይታጠፋል። አሸዋና ጭቃም እዚያው ይገባና ቀለሙን ይፍቀዋል። ቀለም የተላጠ ሞላ ይዝጋል፣ የዛገ ሞላ ይሰነጠቃል።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት መኪናዋ ቆማ ሳለች «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማንም አልነካትም። ሞላ ቆሞም ይሰበራል፣ ያኔ ነው የተማርኩት። ወጥቼ ሳያት ግራው በ25 ሚሊሜትር ወርዷል። ሥሯ ገብቼ ባይ ሞላው ሙሉ ይመስላል። የታችኛው መቀመጫ ላይ የተጋገረውን ጭቃ በካቻቢቴ ስፍቀው ግን ጣት የምታህል ቁራጭ ብረት ብቻዋን እንደተቀመጠች አገኘኋት። የተሰበረው ጫፏ ግማሹ ያበራል፣ አዲስ ስብራት ነው። ሌላው ግማሽ ቡናማ ነው፣ ማለት ስንጥቁ ከቆየ ቆይቷል። የታችኛው ቀለበት መቀመጫው ውስጥ ስለሚደበቅ ሰው እንዲህ ሳያየው ይነዳል። ስለዚህ አንተም ከመወሰንህ በፊት ያንን ጭቃ ጥረግ። ተሰብሮ ካገኘኸው ሁለቱንም በአንድ ላይ ቀይር። አንድ አዲስና አንድ አሮጌ ካደረግህ መኪናው አዘንብሎ ይቀራል።

ሌላም ልታየው የሚገባ ነገር አለ። አንዳንድ መኪና ከኋላ ቁመቱን ራሱ የሚያስተካክል አሞርዛተር አለው፣ ኒቮማት የሚባለው ዓይነት። በመንገዱ መናወጥ ውስጡ ግፊት እየሠራ የተጫነውን መኪና ያነሳል። ሞላው ከመጀመሪያውም ለስለስ ያለ ነው። እንዲህ ያለው አሞርዛተር ሲሞት ኋላው ይወርዳል፣ ሰውም ሞላውን ይወቅሳል። ተራ አሞርዛተር ግን መኪና አይሸከምም፣ ማወዛወዙን ነው የሚያቆመው። «አሞርዛተር ቀይር፣ ይነሳልሃል» ካሉህ መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንዳለህ እወቅ።

አሁን ወደ 30 ሚሊሜትሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። መካኒኩ የሞላህን አቀማመጥ አይቶ ነው ወይስ ዝም ብሎ ያለውን ነው የሰጠህ? የኋላው አንድ ወጥ አክስል ሆኖ ሞላው በላዩ ከተቀመጠ ሁለቱም ጎን ላይ የገባው ስፔሰር ያህል ይነሳል፣ ነገሩ ቀላል ነው። አንተ ግን ኋላው ለየብቻ የሚንቀሳቀስ፣ ሞላው ብራቾው (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ላይ የተቀመጠ ነው ብለሃል። እዚያ ብራቾው እንደ ማንሻ እንጨት ነው። ሞላው ወደ ማጠፊያው ቀረብ ብሎ፣ ጎማው ጫፉ ላይ። ሞላው መሐል ላይ ከሆነ 20 ሚሊሜትር ስፔሰር ኋላውን ወደ 40 ያነሳዋል። የተሰጠህ 30 ደግሞ 60 ሊሆን ነው! አህያ ኋላዋን አንስታ እንደምትራገጠው ትሆናለህ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ብራቾው ከሚታጠፍበት ቡሎን እስከ ሞላው መሐል ለካ። ከዚያው ቡሎን እስከ ጎማው መሐል ለካ። ሁለተኛውን ለአንደኛው አካፍል። በኔ ሁለተኛ መኪና 25 ሴንቲና 40 ሴንቲ ነበር፣ 1.6 ይመጣል። በ24 ሚሊሜትር ወርዳ ነበር። 24ን ለ1.6 ሳካፍል 15 ሚሊሜትር ስፔሰር በቃኝ። ሱቅ ውስጥ «ወፈር ያለውን ውሰድ፣ ተመሳሳይ ዋጋ ነው» ተብዬ ነበር። ባለመስማቴ እስካሁን ራሴን አመሰግናለሁ።

ከጠፋው ቁመት በላይ አትጨምር። ስፔሰር ሲገባ ሞላው የሚታጠፍበት ቦታ በዚያው ልክ ይጠባል። ብዙ ካበዛህ ሻንሲው መምቻ ጎማው (መኪናው እስከ ታች ሲወርድ ምቱን የሚቀበለው) ላይ ከመድረሱ በፊት ቀለበት ከቀለበት ይጋጫል። ያ ብረት ለብረት ነው፣ «ዷ» የሚለውን በ«ጓ» ትለውጠዋለህ። ሁለት ስፔሰር መደራረብም ያው ነው። በነገራችን ላይ ያቺን መምቻ ጎማም እያት። ብዙ አሮጌ መኪና ላይ ተፈርፍራ አልቃለች፣ ድምፁ የሚመጣውም በባዶ ቦታዋ ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ እኔ ጠንካራውን ፖሊዩረቴን እመርጣለሁ። አሉሚኒየሙም አይጠላም፣ የመጀመሪያዋን የሞላ መቀመጫ ጎማ ካልጣልክ። እሷን አውጥተህ ብረት በብረት ካስቀመጥክ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ያሳብድሃል፣ ሞላውንም ይፍቀዋል። ከአሮጌ ጎማ ቆርጠው የሚሠሩ አሉ፤ ይጨፈለቅና ከመቀመጫው ሾልኮ ይወጣል። ተወው።

ሥራው ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርህ። ሞላው አሞርዛተሩን ከቦ የተቀመጠ ዓይነት ከሆነ ራስህ አትንካው። የላይኛው ዳዶ ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር ከተፈታ ሞላው እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። ያንተ ግን ለብቻው ስለተቀመጠ ይቻላል። ሻንሲው በካቫሌቶ (መኪና ተነስቶ የሚቆምበት የብረት መደገፊያ) ይያዝ፣ ክሪክ ብቻ አትመን። ብራቾውን ከሥር በሌላ ክሪክ ደግፈህ የአሞርዛተሩን የታች ቡሎን ፍታ፣ ከዚያ ቀስ እያልክ አውርደው። የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን እያየህ። ሲወጠሩ ካየህ ቁም፣ ማሰሪያቸውን ፍታላቸው። ስትመልሰው የሞላው ጫፍ መቀመጫው ላይ ካለችው መግቻ ጋር ይግጠም። ካልገጠመ ለጥቂት ቀን ደህና መስሎ ይቆይና ይዞራል፣ ቁመቱም ይለወጣል።

እኔ የተበላሁት ግን በመጨረሻው ቡሎን ነው። የብራቾውን ቡሎን አላልቼ ነበርና መኪናዋ ገና በካቫሌቶ ላይ ሳለች ጥርቅም አድርጌ አጠበቅሁት። ሳወርዳት ካሰብኩት በላይ ከፍ ብላ ቆመች። ጎበዝ ነኝ አልኩ። ለካ ጎሚኒው፣ ማለትም ብራቾው የሚታጠፍበት ቡሎን የሚገባበት ቀለበት፣ ውስጡ ያለው ጎማ ተጠምዞ ነው የያዛት። በሳምንታት ውስጥ ወረደች፣ ጎሚኒውም ተቀደደ፣ ሥራውን ሁሉ እንደገና ሠራሁት። ቡሎኑን በእጅ አስገባና የመጨረሻውን ማጥበቅ መኪናው በጎማው መሬት ከቆመ በኋላ አድርገው። ሥሩ ለመግባት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ጎማዎቹ የሚወጡበት ጠንካራ መወጣጫ ካገኘህ ይቀልሃል።

ሲያልቅ አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥ ማስተካከል) አስደርግ። ኋላው ሲወርድ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ስለሚጋደሉ የውስጡ ጠርዝ ቀድሞ ተበልቶ ታገኘው ይሆናል። የፊት መብራቱም ኋላው ሲነሳ ወደ መሬት ስለሚያይ ይስተካከል። ከኋላ ወደ ፍሬን ቫልቭ የምትሄድ ቀጭን ዘንግ ካለችው እሷንም አሳይ። የኋላው ከፍታ ነው ጭነቱን የሚነግራት፤ ከልክ በላይ ካነሳኸው መኪናው ባዶ ነው ብላ የኋላውን ፍሬን ትቀንሳለች። ወደ ድሮ ቁመቱ ብቻ ከመለስከው ችግር የለም።

ሁልጊዜ ከኋላ ሦስት ሰውና ሻንጣ የምትጭን ከሆነ ደግሞ ስፔሰሩን ተወውና ጠንከር ያለ ሞላ ፈልግ። ወይም ሞላው ውስጥ የሚገባውን፣ በንፋስ የሚሞላ ፊኛ። ስትጭን ትነፋዋለህ፣ ባዶ ስትሆን ታስተነፍሰዋለህ። ሁለቱም ቢሆኑ መኪናው እንዲሸከም ከተፈቀደለት ክብደት በላይ አያስጭኑህም፤ አክስሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ የድሮዎቹ ናቸው።

ያንተን ነገር ሳየው፣ ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ፣ ሞላው ካልተሰበረና ካልዛገ፣ የወረደውም ከ25 ሚሊሜትር ካልበለጠ እኔ ብሆን ስፔሰሩን አስገባለሁ፤ በሒሳቡ መሠረት ምናልባት ከ30ው ግማሽ የሚሆነውን። ከዚያ ካለፈ አዲስ ሞላ። ልኬቶቹንና የታችኛውን የሞላ መቀመጫ ፎቶ ለጥፍልን፣ ጭቃውን ከጠረግህ በኋላ ግን።